የፋብሪካን ሥራ ለሚከታተል መቈጣጠሪያ የምልክት አስተላላፊ እንዴት እንደሚመረጥ

በቦይለር ውስጥ የታመቀውን እንፋሎት፣ በጋን ውስጥ የሚወጣውንና የሚወርደውን ፈሳሽ፣ በቧንቧ ውስጥ የሚሮጠውን ሽሮፕ ማንም ሰው በዐይኑ አያየውም፤ በመቈጣጠሪያው ክፍል የተቀመጠው ሠራተኛ የሚያየው ቍጥር ብቻ ነው፤ ይህንንም ቍጥር ከቧንቧው አንሥቶ እስከ ሰሌዳው ድረስ የሚያደርሰው፣ ባለሙያዎች ትራንስሚተር የሚሉት፣ መጠኑ ከጡጫ ብዙ የማይበልጥ የምልክት አስተላላፊ ነው። እንግዲህ ለፋብሪካዎ ይህን መሣሪያ እንዲመርጡ ታዝዘው እንደ ሆነ፣ የተሰጠዎት ሥራ ለማይታየው ነገር ምስክር መሾም ነው፤ ምስክርም ሲመረጥ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው፣ ቢዋሽ ወይም ዝም ቢል በምን እንደሚታወቅበት ነው። ብዙ ሰዎች ካታሎጉን ገልጠው «ትክክለኛነቱ ስንት በመቶ ነው?» ከሚለው ይጀምራሉ፤ እኔ ግን ይህ ጥያቄ ተራውን ጠብቆ እንዲመጣ እመክራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሻጭ ሳይጠሩ፣ ስለሚለካው ነገር የሚታወቀውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ይኸውም የሚለካው ግፊት ወይም ሙቀት ወይም ፍሰት ወይም የፈሳሽ ከፍታ መሆኑን፣ ፈሳሹ ብረት የሚበላ አሲድ ይሁን የሚጣበቅ ሞላሰስ፣ ዘወትር በሥራ ጊዜ የሚገኝበትን መጠን፣ ሥራ ሲጀመርና ሲቆም ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚደርስበትን ዳርቻ ነው። ለዚህም የፋብሪካው ንድፍ ብቻውን አይበቃም፤ ንድፉ የሚናገረው የታሰበውን ሲሆን የሚሆነውን የሚያውቁት የሌሊቱ ፈረቃ ሠራተኞች ናቸውና እነርሱን ይጠይቁ። ለምሳሌ ያህል ቢራ የሚያርፍበትን ጋን ብንወስድ፣ ቢራው ራሱ ከዜሮ ዲግሪ ብዙ ሳይርቅ በርዶ የሚተኛ የዋህ ፈሳሽ ነው፤ ነገር ግን ጋኑ ባዶ ሆኖ 80 ዲግሪ በሞቀ ኮስቲክ ሶዳ የሚታጠብ ከሆነ መሣሪያውን የሚፈትነው እጥበቱ ነው። በወረቀቱ ግርጌ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ይህን ቍጥር አይቶ ማን ምን ያደርጋል? መልስ ከታጣለት በቧንቧው ላይ ባለ ቀስት ማኖሜትር ተክሎ ገንዘቡን ማትረፍ ነውር የለበትም።

የሚለካው ግፊት ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚነሣው ነገር ግፊቱ ከምን አንጻር ይለካል የሚለው ነው፤ በዚህም በደጋ አገር ያለ ፋብሪካ ከቆላው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባዋል። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101.3 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ ውሃም 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው ስለዚህ ነው። ካታሎጉ «ጌጅ» የሚለው አስተላላፊ ጀርባው ለአካባቢው አየር ክፍት ስለ ሆነ ከዚያው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ይናገራል፤ «አብሶሉት» የሚለው ከባዶ ጠፈር ተነሥቶ ፍጹሙን ግፊት ይለካል፤ «ዲፈረንሻል» የሚለው በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል። ከእነዚህ ሌላ ሻጮች ብዙ ጊዜ ለይተው የማይናገሩት አራተኛ ወገን አለ፤ እርሱም ጀርባው ሲሠራ በባሕር ጠለል አየር ልክ ታሽጎ የሚወጣው ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከ0 እስከ 1 ባር እንዲለካ ገዝተው፣ አዲስ አበባ ላይ ከሣጥኑ አውጥተው፣ ከምንም ሳያገናኙ ኤሌክትሪክ ቢሰጡት ከዜሮ በታች ሩብ ባር የወረደ ይመስለዋል፤ ምልክቱም ከመነሻው በታች ዘቅጦ ይቀርና ዕቃው ተሰብሮ የመጣ ያስመስለዋል። በ400 ባር በሚሠራ የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ላይ ቢሆን ግን ያው ሩብ ባር ከምንም የሚቈጠር አይደለም።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ስኳር በሚፈላባቸው የቫክዩም ድስቶች ላይ ነው። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር የሚመረትበት የወንጂ አገር ከፍታው 1540 ሜትር ገደማ ነውና በዚያ ያለው አየር በሙሉ ቢመዘን 63 ሴንቲሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው፤ እንግዲህ በባሕር ዳር አገር የተጻፈ መመሪያ «65 ሴንቲሜትር ቫክዩም ጠብቁ» ቢል፣ የወንጂ ሠራተኛ ፓምፑን እስኪግል ቢያስጨንቀውም ከመጀመሪያው የሌለውን አየር ሊያወጣ አይችልም። ሽሮፑ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚወስነው ፍጹሙ ግፊት ስለ ሆነ፣ አብሶሉት አስተላላፊ የተተከለበት ድስት ግን በደጋም በቆላም በአንድ ቍጥር ይመራል። ስለዚህ ለቫክዩም ሥራ ሁሉ አብሶሉት ይጠይቁ፤ ለቦይለር፣ ለፓምፕና ክዳኑ ክፍት ለሆነ ጋን ጌጅ ይበቃል።

አሁን ስለ ልኬቱ ስፋትና ስለ ትክክለኛነቱ መናገር ይቻላል። ቁመቱ 4 ሜትር፣ የአግድሙ ስፋት 3 ሜትር የሆነ ክብ የውሃ ጋን አለ እንበል፤ ጋኑ ሲሞላ በግርጌው ያለው ግፊት 0.4 ባር ያህል ነው። ገዢው «ኋላ ለሌላም ሥራ ይሆነናል» በሚል ዐሳብ ከ0 እስከ 10 ባር የሚለካ፣ ስሕተቱ ከሙሉ ስፋቱ 0.25 በመቶ የሆነ አስተላላፊ ቢተክል፣ ይህ ጥቂት የሚመስለው ስሕተት 25 ሚሊባር ይሆናል፤ 25 ሚሊባርም ሩብ ሜትር ውሃ ነው፤ ሩብ ሜትሩም በዚያ ጋን ውስጥ ከ1700 ሊትር በላይ ነው። ከ0 እስከ 0.4 ባር የሚለካውን ቢመርጥ ኖሮ ያው 0.25 በመቶ አንድ ሴንቲሜትር፣ ማለት 70 ሊትር ያህል ብቻ በሆነ ነበር። ሁለቱም በካታሎጉ ላይ አንድ ዐይነት መቶኛ ይዘው ተጽፈው ይገኛሉ፤ መቶኛው ከመሣሪያው ሙሉ አቅም ይሁን እርስዎ ከወሰኑለት ስፋት ካልተጠየቀ በቀር ልዩነቱ አይገለጥም። ዘወትር የሚሠራበት መጠን ከስፋቱ እኩሌታ እስከ ሦስት አራተኛው ቢውል መልካም ነው፤ በ8 ባር ለሚሠራ ቦይለር ከ0 እስከ 16 ባር የሚለካ ተገቢ ነው። ይህም ሆኖ በቀንና በሌሊት ሙቀት መለዋወጥ የሚመጣው ስሕተት፣ በየዓመቱም ቀስ በቀስ የሚከተለው መዛነፍ፣ በትልቁ ከተጻፈው መቶኛ ሊበልጡ ይችላሉና ሻጩን ጠቅላላ ስሕተቱን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። የሚሰጥ ሻጭ ጥቂት ነው፤ በዚያውም ሻጮቹ ይለዩልዎታል።

ፈሳሹን የሚነካው ዲያፍራም የተባለው ስስ የብረት ገጽ ነው። ለውሃ፣ ለእንፋሎት፣ ለወተትና ለዘይት 316 ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት በቂ ነው፤ እንደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለ ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ ግን ይህንኑ ብረት ስለሚበሳው ሃስቴሎይ ወይም ታንታለም ማዘዝ ያስፈልጋል። እንፋሎት ወደ አስተላላፊው በቀጥታ እንዳይደርስ እንደ ቀለበት የተጠመዘዘ ሳይፎን በመካከል ይግባ፤ በቀለበቱ ውስጥ ቀዝቅዞ ውሃ የሆነው እንፋሎት ኤሌክትሮኒኩን ከትኩሳት ይከልለዋል። ለምግብና ለመጠጥ ፋብሪካ ቆሻሻ የሚያድርበት ጥርስና ሥርጓጉጥ የሌለው፣ በማሰሪያ ቀለበት የሚገጠም፣ በውስጡም ያለው ዘይት ቢፈስ የማይመርዝ ዐይነት ይመረጥ። በአስተላላፊውና በቧንቧው መካከልም መዝጊያ ቫልቭ አይቅር፤ ቫልቭ የሌለውን መሣሪያ ለመመርመር ፋብሪካውን ማቆም ግድ ይሆናልና ምርመራው በየወሩ ሲተላለፍ ይኖራል።

የሚለካው ሙቀት ከሆነ እስከ ጥቂት መቶ ዲግሪ ድረስ ፒቲ 100 የተባለውን የፕላቲኒየም መለኪያ እመርጣለሁ፤ በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም የሆነ ተቃውሞ አለው። ለአንድ ዲግሪ የሚጨምረው 0.4 ኦም እንኳ ስለማይሞላ፣ በሁለት ሽቦ ብቻ ተስቦ ሽቦው 1 ኦም ቢጨምርበት ከሁለት ዲግሪ ተኩል በላይ ሐሰት ይናገራል፤ ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ሽቦ ያለው ይታዘዝ፣ አስተላላፊውም በመለኪያው ራስ ላይ ይቀመጥ። ለምድጃና ለጭስ ማውጫ ቴርሞካፕል ይሻላል።

ወደ ምልክቱ እንለፍ። ኤሌክትሮኒክ ሳይስፋፋ በፊት ፋብሪካዎች ልኬትን ያስተላልፉ የነበረው በቀጭን ቧንቧ በሚሄድ የታመቀ አየር ሲሆን፣ ዜሮውን የሚያመለክተው 0.2 ባር፣ ሙሉውን የሚያመለክተው 1 ባር ነበር፤ ዜሮው ባዶ እንዳይሆን የተደረገው ቧንቧው ቢቀደድ ከእውነተኛው ዜሮ እንዲለይ ነው። ይኸው ጥበብ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዛወር 4 ሚሊአምፔር የመነሻው፣ 20 ሚሊአምፔር የሙሉው ምልክት ሆነ። ሽቦው ቢበጠስ ኤሌክትሪኩ ፈጽሞ ይጠፋልና ዝምታው ራሱ ይናገራል፤ ከዚህም በላይ በአንድ መስመር የሚዞር ኤሌክትሪክ መጠኑ በመስመሩ ሁሉ አንድ ስለ ሆነ፣ ቮልት በረጅም ሽቦ ላይ እንደሚያንስ አያንስም፤ በ4ቱ ሚሊአምፔር መሣሪያው ራሱም ይመገባልና ሁለት ሽቦ ብቻ ይበቃዋል። እርስዎም ይህን ለመተው ጽኑ ምክንያት ከሌለዎት ከዚህ አይውጡ። ናሙር የተባለው የጀርመን የመሣሪያ ተጠቃሚዎች ማኅበር በ43ኛው ምክሩ፣ ልኬት ከ3.8 እስከ 20.5 ሚሊአምፔር እንዲወሰንና መሣሪያው ሲታመም ከ3.6 በታች ወይም ከ21 በላይ እንዲሄድ ደንግጓልና፣ የሚገዙት አስተላላፊ ይህን ደንብ የሚጠብቅ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት በእጅዎ እንዲሠሩ እለምናለሁ፤ ብዙ ሰው ሲዘለው አያለሁና። የኀይል ምንጩ 24 ቮልት፣ አስተላላፊው እንዲሠራ የሚሻው ቢያንስ 12 ቮልት ቢሆን፣ ለመስመሩ የሚተርፈው 12 ቮልት ነው። በ20 ሚሊአምፔር ጊዜ 12 ቮልት የሚችለው 600 ኦም ነው። ምልክቱን የሚቀበለው የመቈጣጠሪያ ኮምፒዩተር፣ ፒኤልሲ የሚሉት፣ መቀበያው 250 ኦም፣ ለፍንዳታ መከላከያ የገባው ባሪየር 320 ኦም፣ 400 ሜትር የሚርቀው የ1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ደርሶ መልስ 15 ኦም ቢሆን ድምሩ 585 ነውና መሣሪያው ያለ እንከን የሚሠራ ይመስላል። ነገር ግን ታምሞ 22 ሚሊአምፔር ለመላክ በሚሞክርበት ቀን መስመሩ ከ20.5 በላይ አያሳልፈውም፤ ስለዚህ ጩኸቱ ከሙሉ ጋን ምልክት ሳይለይ ይቀራል። እንዲህ ያለው መስመር ለዓመታት በደኅና ሠርቶ በተፈለገበት ሰዓት ብቻ የሚከዳ ስለ ሆነ፣ የሕመሙ ምልክት ወደ ታች፣ ከ3.6 በታች፣ እንዲሄድ ማዘዝ ወይም ተቃውሞው ያነሰ ባሪየር መምረጥ ይገባል።

ዝም የሚለውን እንዲህ እናውቀዋለን፤ የሚዋሸውን ማወቅ ግን ከዚህ የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 በአሜሪካ በቴክሳስ ሲቲ በነበረው የቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ የደረሰው ጥፋት በመሣሪያ ምርጫ ላይ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ነው። ቁመቱ 52 ሜትር ያህል የሆነ ማጣሪያ ግንብ ሥራ ሲጀምር ፈሳሽ እየገባበት ነበር፤ ከፍታውን የሚናገረው አስተላላፊ ግን የግንቡን ግርጌ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህሉን ብቻ እንዲለካ የተተከለ ነበር። መሣሪያው በፈሳሹ ውስጥ የጠለቀ ዘንግ በሚያገኘው የመንሳፈፍ ኀይል የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ፈሳሹ ከላዩ ካለፈ በኋላ የሚለካው ከፍታ አልቀረለትም፤ የሚሰማው የፈሳሹ ክብደት ብቻ ሆነ። ፈሳሹ እየሞቀ ሲሄድ እየቀለለ ስለ መጣ፣ ግንቡ እስከ አፉ እየሞላ ሳለ በሰሌዳው ላይ ያለው ቍጥር ቀስ በቀስ እየወረደ ይታይ ነበር፤ ልኬቱም በቀድሞ ዘመን በተጻፈ፣ ለዚያ ፈሳሽ በማይስማማ የክብደት መጠን የተስተካከለ ነበር። ከእርሱ ሌላ የተተከለው የከፍታ ማስጠንቀቂያም አልጮኸም። ነዳጁ ከላይ ገንፍሎ ተቃጠለና 15 ሰዎች ሞቱ፤ 180 ቈሰሉ። በዚያ ቀን አስተላላፊው አልተሰበረም፤ ምልክቱም ከ4 እስከ 20 ባለው ወሰን ውስጥ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ወረቀትዎን እንደ ገና ያውጡና በእያንዳንዱ መሣሪያ አንጻር ይህን ይጻፉ፦ የሚለካው ነገር ከወሰኑ ካለፈ ቍጥሩ ምን ይላል? የፈሳሹ ክብደት ቢለወጥ፣ አረፋ ቢነሣ፣ ቧንቧው በሞላሰስ ቢደፈን ቍጥሩ ወዴት ይሄዳል? በግርጌ ግፊት ከፍታን የሚለካ አስተላላፊ ክብደቱ 1.4 እጥፍ ለሆነ ሞላሰስ በውሃ ልክ ቢተው ከፍታውን በ40 በመቶ አብዝቶ ይናገራል፤ ራዳር ግን ከላይ የሚያይ ስለ ሆነ ክብደት አያሳስተውም፤ ዳሩ ግን ወፍራም አረፋ ያታልለዋል። መጥለቅለቁ ሰው የሚገድል ከሆነ ከፍታን በሌላ ባሕርይ የሚለይ፣ በሌላ ሽቦ የሚሄድ ሁለተኛ መሣሪያ ይጨመር፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ አንድ ዐይነት መንትያዎች አንድ ዐይነት ሐሰት ይናገራሉና በዚህ ቦታ አይሆኑም።

በ4-20 መስመር ላይ ተጨማሪ መረጃ በፍጥነት በሚወዛወዝ የኤሌክትሪክ ምልክት ጭኖ የሚልከው ሃርት የተባለው ሥርዐት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለመደ ስለ ሆነና አሮጌውን መስመር ስለማያፈርስ፣ ዋጋው ካልከበደ ይውሰዱት፤ በመስመሩ ላይ 250 ኦም ያህል ተቃውሞ እንደሚሻ ብቻ አይርሱ። ፋብሪካው ከመሠረቱ አዲስ ካልሆነ ግን ፕሮፊባስና የመሰሉትን ፍጹም ዲጂታል መንገዶች አልመክርም፤ መስመሩ ሲታወክ በአንድ መልቲሜትር መርምሮ ማግኘት አይቻልምና። ሽቦ አልባዎቹ ሩቅ ላለ የውሃ ጋን መልካም ናቸው፤ ቫልቭ ለሚያዝዝ ልኬት ግን አይደሉም።

ከሞላሰስ አልኮል በሚወጣባቸው እንደ ፊንጫና መተሐራ ባሉ ቦታዎች፣ ተን በሚገኝበት አካባቢ የሚቆመው መሣሪያ ለፍንዳታ ቦታ የተመሰከረለት መሆን አለበት፤ ተኑ ዘወትር ባለበት በጋኑ ውስጥ ኤክስ አይኤ የተባለው የጥበቃ ዐይነት ይመረጥ፤ ምስክር ወረቀቱም ለአስተላላፊው ብቻ ሳይሆን ለባሪየሩና ለሽቦው ጭምር ተጣጥሞ ይመርመር። በጎማ ውሃ ለሚታጠብ ወለል አይፒ 66 ወይም 69ኬ ያስፈልጋል። በክረምት መብረቅ ለሚበዛበት ደጋ፣ በሜዳ ላይ ለተዘረጋ ረጅም ሽቦ በሁለቱም ጫፍ መብረቅ መከላከያ ይግባ፤ የኬብሉ መሸፈኛ መረብ ግን በአንድ ጫፍ ብቻ ወደ መሬት ይታሰር።

ግዢው ሲደርስ የዐይነቱን ብዛት ያሳንሱ። ዐሥር መሣሪያ ከዐሥር አገር ከሚገዛ፣ ጥቂት ብር ጨምሮም ቢሆን፣ ስፋቱ በእጅ የሚስተካከል አንድ ወይም ሁለት ዐይነት ቢገዛ፣ በመጋዘን የሚቀመጥ አንድ መለዋወጫ ለሁሉ ይደርሳል፤ የውጭ ምንዛሪ ወራት በሚያስጠብቅበት አገር ይህ ከመቶኛ ክርክር ሁሉ ይበልጣል። ከዕቃው ጋር የካሊብሬሽን ምስክር ወረቀት፣ ቍጥሩ በመሣሪያው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ የሆነ፣ እንዲመጣ በውሉ ይጻፍ።

ዕቃው ሲደርስ ወደ ቧንቧው ሳይወጣ በጠረጴዛ ላይ ይፈተን፤ በእጅ ፓምፕ 0፣ 25፣ 50፣ 75፣ 100 በመቶ እየሰጡ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20 ሚሊአምፔር መናገሩን እያዩ ይውጡ፣ ያንኑም መንገድ ይመለሱ፤ ሲወጣና ሲወርድ የሚለያይ ከሆነ አይቀበሉት። ከተተከለ በኋላ ደግሞ በሜዳው ላይ አንዱን ሽቦ ፈትተው ወደ መቈጣጠሪያው ክፍል ይግቡና ሰሌዳውን ይመልከቱ። ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ሽቦውን መልሰው ያሥሩ። ሰሌዳው የመጨረሻውን ቍጥር እንደ ያዘ ከቀረ ግን ጥፋቱ የአስተላላፊው አይደለም፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ ይጠራ፣ ያም እስኪታረም ድረስ ጋኑ በሰው ዐይን እየተጠበቀ ይሞላ።